ከአጥሩ ውጪ ያሉ ሠላሳ ፍየሎች

የበለሱን ቅጠል በእንጨት ወግቼ እሳቱ ላይ አገላብጠው ነበር። እሾሁ ጠስ ጠስ እያለ ሲነድ ቅጠሉ ያልበዋል፤ ያኔ አወጣውና በቢላ ከትፌ ገንዳው ውስጥ እጥለዋለሁ። ጥር ነው፣ ሁለት ሺህ አራት። መቀሌ ዳር፣ ቁሓ ላይ ሣር የሚባል ነገር አልነበረም። የአባቴ ፍየሎች ክረምት እስኪመጣ የሚቆዩት በበለስ ነበር።

የግቢያችን በር ተንኳኳና አንድ ረዥም ልጅ ጎንበስ ብሎ ገባ። ትከሻው ላይ ነጭ የበረዶ ሣጥን አንጠልጥሏል።

«አይስክሬም አንፈልግም» አልኩት ከእሳቱ ቀና ሳልል።

ዝም አለ። ቀና ስል እሱ ራሱ ሣጥኑን እያየው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስል።

«እኔም የለኝም» አለ። «ደም ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የማንን?»

«የፍየሎቹን። አባትሽ ከፈቀዱ።»

ከዛሂድ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ብዙ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ያቺን የመጀመሪያ ዝምታውን አስታውሳታለሁ። አጭር ናት፤ ግን ሰውየው ሙሉ ለሙሉ ነበረባት። መልስ ከመስጠቱ በፊት የተባለውን ነገር እውነት ይሆን እንዴ ብሎ የሚያጣራ ሰው ነበር።

አባቴ ሀሰን የፍየል ነጋዴ ነው። ከወሎ ሲመጣ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ድንጋይ ይሸከም ነበር፤ እኔ ያኔ በእናቴ ጀርባ የታዘልኩ የአንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከድንጋዩ ወደ አንድ ፍየል፣ ከአንዷ ወደ ሁለት እያለ ቁሓ ላይ በረት ያለው ሰው ሆነ። በመቀሌ ሙስሊሞች ዘንድ ለአረፋ ፍየል ከፈለግህ ሀሰን ጋ ሂድ ይባላል። ነውር ያለባት ፍየል አይሸጥም፤ ዓይኗ የደከመ፣ እግሯ የሚያነክስ፣ ቀንዷ የተሰበረ። ስሙ የቆመው በዚህ ነው።

ዛሂድ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የመጣበትን አስረዳ። ከቤታችን ጀርባ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን መንገድ ሲሻገሩ፣ በሽቦ የታጠረ አንድ የምርምር ግቢ ተከፍቷል። አጥሩ ውስጥ አርባ ፍየሎች አዲስ ክትባት ይወጋሉ።

«ክትባትማ እናውቃለን» አለ አባቴ።

«ይሄኛው ዘረመሉ የተለወጠ ነው ጋሼ። የፍየል ፈንጣጣው ክትባት ላይ ከሌላው በሽታ፣ ደስታ መሰል ከሚባለው፣ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሰፍተውበታል። አንድ መርፌ ለሁለት በሽታ።»

«ልብስ ላይ እንደ መጣፍ?»

«ልክ እንደ መጣፍ።»

«ታዲያ ምን ቸገረ? ብልህ ሴት የሠራችው ይመስላል።»

ዛሂድ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ መሬት ነው የሚያየው። «የቸገረው ይሄ ነው ጋሼ። የተጣፈው ነገር ከተከተበችው ፍየል ወጥቶ ወዳልተከተበችው ይሄዳል ወይ? በትንፋሽ፣ በበጠጥ፣ በዝንብ? አጥር ዘሎ መንደር ይገባል ወይ? ይህን ሳናውቅ ለገበሬ አንሰጥም። ስለዚህ ከአጥሩ ውጪ፣ ቅርብ ያሉ፣ ያልተከተቡ ሠላሳ ፍየሎች እንፈልጋለን። አንወጋቸውም። በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ደም ብቻ። ደማቸው ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ክትባቱ አልወጣም ማለት ነው።»

አባቴ ጢሙን ዳሰሰ። «አንተ ልጅ፣ ከየት ነህ?»

«ከወልዲያ።»

«እንግዲህ የሀገሬን ልጅ እምቢ አልልም። ሠላሳ ያልከው ሠላሳ ነው፤ አንዲት አትጎድልብህም። ግን ጆሮ አይበሳም።»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የጀመረው። የግቢው ኃላፊ ዶክተር ለተንሳኤ በየፍየሏ ጆሮ ላይ የማይወልቅ የፕላስቲክ ቁጥር እንዲመታ አዛ ነበር። አባቴ ደግሞ ጆሮዋ የተበሳ ፍየል ለአረፋ ማንም አይገዛኝም፣ ለኡድሒያ፣ ለአረፋው እርድ፣ ሙሉ አካል ነው የሚፈለገው ባይ ነው። ዛሂድ እኔን አየኝ፤ አባቴን አየ፤ ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻዩን።

«አንገታቸው ላይ ብናስርላቸውስ?» አለ።

ሠላሳውን የአንገት ማሰሪያ ከአሮጌ ሸራ ቆርጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን በቀይ ክር። ዶክተሯ ስትሰማ ምን እንዳለች ዛሂድ ያን ጊዜ አልነገረኝም። «አንተ ኃላፊነቱን ከወሰድክ» ነበር ያለችው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ነበርና መዝጋቢ አድርገው ቀጠሩኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። እኔ ፍየሏን አገጯን ይዤ ቀና አደርጋታለሁ። እሱ በአውራ ጣቱ አንገቷ ላይ ደም ሥሯን ይፈልጋል። መርፌው እስኪገባ ሦስታችንም አንተነፍስም፤ እኔ፣ እሱ፣ ፍየሏ። ደሙ ብልቃጡ ውስጥ ሲወርድ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ ደግሜ እጽፋለሁ።

«አስራ አንድ።»

«አስራ አንድ።»

«አስራ ሁለት።»

«አስራ ሁለት።»

አንድ ቀን በመሐል «ደክሞሻል?» አለኝ።

«ደክሞሻል» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶውን አነሳሁ።

ፍየሏን ለቀቅናት። ግድግዳውን ተደግፈን እስክናለቅስ ሳቅን፤ እናቴ ረሒማ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ምን አገኛችሁ? ለእኛም ንገሩን!» አለች። ሁለታችንም መናገር አልቻልንም። ከዚያ ቀን በኋላ ዛሂድ ሲመጣ እናቴ ወጥ ቤቱን ትታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር መልቀም ጀመረች። ምስሩ አላልቅ አለ።

ክረምቱ መጣ፣ በለሱ አፈራ፣ ክረምቱ ወጣ። ደሙ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ቀን ናሙናውን ከተማ ላብራቶሪ አድርሰን በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል በእግራችን ተመለስን። ከኮረብታው ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፤ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። ዛሂድ እያንዳንዱን ጣራ የሚቆጥር ይመስል ቁልቁል አየ። እኔም አልቸኮልኩም።

«ሪፖርቱ ታኅሣሥ ያልቃል» አለ በመጨረሻ። «ያኔ አጎቴ ጀላሉ ሁለት ሰው ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል።»

«ፍየል ሊገዛ?»

«ፍየል አይደለም።»

«አባቴ ዋጋ አይቀንስም፣ እወቅ።»

«አልከራከርም» አለ። እስከ መንገዱ መጨረሻ ሁለታችንም ጫማችንን እያየን ወረድን። ከዚያ ዓመት አንድ ቀን መልሰው ቢሰጡኝ ያቺን እመርጣለሁ፤ ምንም ያልተደረገባትን።

አረፋ በጥቅምት አጋማሽ ዋለ። ኅዳር ላይ ዛሂድ ሣጥኑን ሳይዝ መጣ። ገብቶ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አስራ አራት» አለ።

«አስራ አራት» አልኩ በልማድ።

«ደሟ ምልክት አሳየ፣ ጣይባ። ሁለት ጊዜ መረመርኩት። ወይ በሽታው አግኝቷታል ወይ ክትባቱ። እዚህ መንደር ደግሞ በሽታው የለም።»

ሌላውን መናገር አላስፈለገውም። ክትባቱ ከአጥሩ ወጥቷል ማለት ነው። ሥራው ይቆማል። ሰነዱ ላይ አደገኛ ተብሎ ይጻፋል። ዛሂድም ሪፖርቱን ጨርሶ የሚያገኘው ቋሚ ሥራ አይኖርም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ሽማግሌ አይልክም።

እሱ ሲሄድ በረት ገባሁ። አስራ አራት ቁጥርን አገኘኋት፤ ቡናማ፣ ግንባሯ ነጭ። አንገቷ ላይ እኔው የሰፋሁት ቀይ ቁጥር አለ። የቀድሞዋ አስራ አራት ደም ስንወስድ እጅጌዬን ታኝክብኝ ነበር። ይቺ ቆማ ታየኛለች። ከአረፋ ወዲህ ይዣታለሁ፣ ቁጥሯን ጠርተን ጽፌያለሁ፤ ፊቷን ግን አላየሁም። ሰው አንዴ ቁጥር ማንበብ ከለመደ ፊት ማየት ይተዋል።

አፏን ከፈትኩ። በጥር ወር መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ «የወተት ጥርስ» ብዬ ጽፌ ነበር። ይቺ ስድስት ጥርስ ቀይራለች። በአሥር ወር ስድስት ጥርስ የሚቀይር ፍየል አላህ አልፈጠረም።

አባቴ በረንዳው ላይ ገመድ እየገመደ ነበር።

«አባዬ፣ አስራ አራትን ሸጧት?»

«ሸጥኳት እንጂ» አለ ሳይደናገጥ። «ለአረፋ። ሰውየው ከሩቅ አይቶ ወደዳት፤ ሌላ ባሳየው እምቢ አለ። ግን አብሽሪ፣ ቃሌን አላጎደልኩም። የሷን ማሰሪያ ከቆቦ ለመጣችው አሰርኩላት። እንዲያውም ትበልጣለች! ለልጁ ትልቋን ነው የሰጠሁት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ልጁ ሲመጣ ሠላሳ ብሎ ሲቆጥር አንዷ ጎደለች ብሎ እንዲያዝን? አደራ ነው ያልኩት እኮ። ሠላሳ አልኩት፣ ሠላሳ አለው።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ሌላስ አለ? የተቀየረ?»

ገመዱን አቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባው። አባቴ ነገር ሲገባው ፊቱ በአንድ ጊዜ ያረጃል።

«ሦስት...» አለ። «አራት ይሆናሉ። አረፋ ነበር ልጄ።»

ሲነጋ ዛሂድን እንዳ ኢየሱስ ላይ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። እሱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደጋግሞ እጁን ያሻሻል። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ሞታለች ብንልስ?» አለ። «አስራ አራት ሞተች። ፍየል ይሞታል። ሃያ ዘጠኙ ንጹሕ ናቸው። ያባትሽም ስም አይነሳ፣ ሥራውም አይቆም። ደግሞ እውነት ነው ጣይባ፤ የቆቦዋ የመጣችው ከነክትባቷ ነው፤ እዚያ በየዓመቱ የተለመደውን ይከትባሉ። እኔ እርግጠኛ ነኝ፣ የእኛው አልወጣም።»

«ለአረፋ የተሸጡት የቀድሞዎቹ የት ናቸው?»

«ተበልተዋል።»

«በእነሱ በኩል ወጥቶ ከነበረስ?»

ጠጠር አንስቶ ቁልቁል ወረወረ።

«የሌለ ፍየል ደም አይመረመርም፣ ዛሂድ። አልወጣም ብለህ ትፈርምና ለሰው ፍየል ይሰጣል። መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? ከአጥሩ ማዶ ያለውን በረት። የአባቴን።»

ይህን ስናገር ጣቶቼን ነጠላዬ ውስጥ ቀብሬ ነበር። የምናገረው ነገር ምን እንደሚወስድብኝ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ሁለታችንም ከተማውን አየን፤ ጉም ከጣራዎቹ ላይ እየለቀቀ ነበር።

«እኔ ነኝ የምነግራት» አለ ተነስቶ። «ማሰሪያውን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ለተንሳኤ አጭር፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። ዛሂድ ሲናገር አላቋረጠችውም። እኔ የበር እጀታ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ጥርሷን ማነው የቆጠረው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጎበዝ፣ ጓለይ፣ የኔ ልጅ።» ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ግን ወደይ፣ ጆሮ ብሳ ስልህ ለምን አልበሳህም? ሓቂ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«አፈርኩ ዶክተር። ቤታቸው ገብቼ፣ ሻያቸውን ይዤ...»

«ይሉኝታ ያዘህ። እሳቸውንም ይሉኝታ ያዛቸው። እኔን ደግሞ ወጣት አላሳዝን ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ፤ እሺ አልኩህ። ዋይ! ሦስት ሰው ተከባብሮ አንድ ዓመት ቀበረ።» መነጽሯን አወለቀች። «የአስራ አራትን ደም መለየት ወደሚችል ላብራቶሪ እንልካለን። ግን የአንዷ መልስ የሠላሳው መልስ አይሆንም። የውጪው ሥራ ከመጀመሪያው ይደገማል። አንተ ከዚህ ሥራ ትነሳለህ፤ መኾኒ የእንስሳት ክሊኒክ ሰው ይፈልጋል። እሷ ትቆያለች።»

ሪፖርቱን ዛሂድ ራሱ ጻፈው። የአባቴ ስም አልነበረበትም። «የመለያ አሠራሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ ከስሩ ፊርማው። እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የፍቅር ደብዳቤዎች ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ ለእኔም አልተላከም።

ያም ሆኖ ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዛሂድ ቃሉን አላጠፈም። እኔ ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። አጎቱ ጀላሉ የተለመደውን ሲናገር አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቆየ፤ ከዚያ «አልችልም» አለ።

«ልጁ ጎደለብዎት?» አለ ጀላሉ ደንግጦ።

«ልጁማ ወርቅ ነው። እኔ ነኝ የጎደልኩት። ይማሩኝ።»

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ተንደርድሬ ገባሁ። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን አጠፋ? የእርስዎን ነውር በራሱ ስም ሸፍኖ ሄደ!»

«ስለሸፈነ ነው» አለ አባቴ። ዓይኑ ቀልቷል። «ሰው ምን ይላል? ሀሰን የሰው ልጅ ሥራ አበላሸ፣ ከዚያ ልጁን ካሳ አድርጎ ሰጠ ይላል። አንቺ ካሳ አይደለሽም፣ ጣይቡ። የተበላሸው ይታረም። ታርሞ ይየው። ያኔ ይምጣ፣ ቀና ብዬ እቀበለዋለሁ።»

«ካልመጣስ?»

ተነስቶ ወደ በረቱ ሄደ። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረቱ ባዶ ነበር።

ግቢው ስደርስ አባቴ በሽቦው በር ፊት ቆሟል። ኋላው ፍየል ብቻ ነው፤ ያሉትን ምርጦች፣ ለመጪው አረፋ ያዘጋጃቸውን ሁሉ ነድቶ መጥቷል። ዶክተር ለተንሳኤ ነጭ ልብሷን እየቆለፈች ወጣች።

«አቦይ ሀሰን፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሠላሳ ነው። እዚሁ አጥራችሁ ጎን በረት ሥሩላቸው፤ ወደ ቤቴ አይመለሱም፣ እጄም አይነካቸው።»

«ጆሯቸው ይበሳል።»

«ይበሳ» አለ። የመጀመሪያዋን ጎትቶ አገጯን ይዞ ቀና አደረገላት። መምቻው ጠቅ ሲል ፍየሏ አልጮኸችም። አባቴ ነው ፊቱን ያዞረው።

ደሟ ወደ ሩቅ የተላከው የቆቦዋ ፍየል መልስ ሚያዝያ ላይ መጣ። የተለመደው ክትባት ነበር፤ የእኛው አይደለም። ዛሂድ ልክ ነበር። ግን ዶክተሯ እንዳለችው የአንዷ መልስ የሠላሳው አልሆነም፤ እኛም ሥራችንን ቀጠልን።

ያ ዓመት ረዥም ነበር። አስራ ሰባት ጊዜ ደም ወሰድን። ቁጥሩን ዶክተር ለተንሳኤ በትግርኛ ትጠራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ በየጊዜው ደግሞ የፍየሏን ጥርስ፣ ቀለምና ቀንድ አያይዤ እመዘግባለሁ። አጥሩ ውስጥ ካሉት አርባዎች ጋር የሚሠራ ሰው በዚያው ቀን የእኔን ሠላሳ አይነካም። ውጪው ንፋስ ሲሆን በረቱ ሽቦ ላይ ወረቀት ይለጠፍብኝ ነበር፤ ያንንም ለቅሜ እጽፍ ነበር፣ ምን እንዳመጣ አይታወቅምና።

ዛሂድ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። መኾኒ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው ክምር አፈር ላይ ወጥቶ ነው የሚያወራኝ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደኅና። አንተስ?»

«ዛሬ ግመል ረገጠኝ።»

«አይዞህ። ጠንቋይ ሂድ።»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ እኮ።»

«ለዚህ ነው ጠንቋይ ሂድ ያልኩህ።»

ስልኩ ውስጥ ንፋስና ሳቁ አብረው ይመጣሉ። ስለ አየሩ፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ እናቴ ስለላከችለት ቆሎ እናወራለን። በዚያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ውጤቱን አልጠየቀኝም። ከሥራው የተነሳ ሰው ነውና መጠየቅ አልነበረበትም፤ እኔም መናገር አልነበረብኝም። ሁለታችንም የምንጠብቀው እሱን ብቻ ሆኖ ሳለ ስለ ሌላው ሁሉ አወራን። አንዳንድ ዓርብ የሚወራው ሲያልቅ ስልኩን ሳንዘጋ እንቆያለን፤ ካርዱ ቆጥሮ ቆጥሮ ራሱ ይዘጋዋል።

አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ፣ ሳይደውል ሁለት ዓርብ አለፈ። የወልዲያ ሰዎች ሌላ ልጅ እያዩለት ነው ሲባል እናቴ ገበያ ላይ ሰምታለች። ምስሯን እየለቀመች፣ እኔን ሳታይ ነው የነገረችኝ። ሦስተኛው ዓርብ ስልኬ ጠራ።

«ሚስት አገባህ ወይ?» አልኩት፣ ሰላምታም የለ።

ያቺ ዝምታው መጣች። «ስልኬ ጉድጓድ ገብቶ ነበር» አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ሰው።»

«እናቴ አንዷን አሳይታኝ ነበር፤ እውነት ነው። መቀሌ ሠላሳ ፍየል አለኝ አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ፍየል የሚጠብቅልህ ማነው አለች። ነገርኳት።»

የካቲት ላይ የመጨረሻውን ደም ወሰድን። መጋቢት መግቢያ ላይ ዶክተር ለተንሳኤ ጠርታኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አምስት መቶ አስር ብልቃጥ። እያንዳንዱን መስመር ጣቷን እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች፤ መሐል ላይ ሻይ መጥቶ ቀዘቀዘ። አንዱም ምልክት አላሳየም።

«አልወጣም» አልኩ።

«በዚህ አጥር፣ በእነዚህ ፍየሎች፣ በዚህ ዓመት አልወጣም» አለች ዶክተሯ። «ከዚያ በላይ አናውቅም። እንደዚሁ አድርገሽ ጻፊው።» ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «በይ ደውዪለት። አሁን ፈቅጃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ዓርብ አልነበረም፤ ስለዚህ ገና ሲያነሳ ድምፁ ተለውጧል።

«ሠላሳውም ንጹሕ ናቸው» አልኩት።

ከሩቅ በግ ይጮኻል፣ ሰው ስሙን ይጠራዋል። እኔ ጠበቅኩ። እሱን መጠበቅ ያን ጊዜ ደህና አድርጌ ችዬበት ነበር።

«አጎቴ ቅዳሜ ሥራ የለውም» አለ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ሽቦው ተነስቶ መጋዘን ተሠርቶበታል፤ በዚያ ስናልፍ ዛሂድ መኪናውን ቀስ ያደርገዋል። ያቺን ቅዳሜ ግን እንደ ትናንት አያታለሁ።

ግቢው የሚዘጋበት ቀን ነበርና ለጽዳት ገብቻለሁ። አጥሩ ውስጥ ያገለገለ ነገር ሁሉ በመድኃኒት ውሃ ታጥቦ ካልደረቀ ከግቢው አይወጣም። የቀረው የሠራተኞቹ የጎማ ቦት ጫማ ነው፤ አሥራ ሁለት ጥንድ። ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሶላቸውን በብሩሽ እፈትጋለሁ፤ ጭቃው ስንጥቁ ውስጥ ስለደረቀ በጥፍር ማስለቀቅ ይፈልጋል። ስልኬ ሲጠራ በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ያዝኩት።

«ጣይቡ» አለ አባቴ። የሚያንሾካሾክ መስሎት ነው፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። «ሰዎቹ መጥተዋል። ጀላሉና ሁለት ሽማግሌ። ልጁ ደግሞ አልመጣሁም ብሎ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ከዚህ ይታየኛል፣ ፀሐይ ላይ ነው።»

«ጥላ ውስጥ ይቁም በሉት።»

«እንዴት ብዬ? አልመጣም እኮ!» ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ልበላቸው፣ ልጄ?»

አባቴ ከዚያ ቀን በፊት ምን ልበል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በእጄ ያለው ጫማ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ይቀመጡ በሏቸው» አልኩ። «እመጣለሁ። ሁለት ጥንድ ቀርቶኛል።»

ሁለቱን ጥንድ አልቸኮልኩባቸውም። ሶሉን ፈተግኩ፣ አጠብኩ፣ ወደ ፀሐይ አዙሬ ስንጥቁን አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ከሌሎቹ ጎን በአጥሩ እንጨት ላይ አፋቸውን ቁልቁል ደፋኋቸው። ባልዲውን ደፋሁ፣ ብሩሹን አራግፌ ባልዲው ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ባልዲውንም ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት።